መጀመሪያ የቀላው ዓይን

በ900ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ባግዳድ ውስጥ ሆስፒታል ይመራ የነበረው ሐኪም አቡ በክር አል ራዚ ስለ ፈንጣጣና ስለ ኩፍኝ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያን ጊዜ ብዙዎች ሁለቱን በሽታዎች አንድ አድርገው ያዩአቸው ነበርና በጽሑፍ በመለየት ስሙ ቀድሞ የሚነሳው የእርሱ ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ሐኪም ሊያያቸው የሚገቡትን ምልክቶች ሲቆጥር ትኩሳቱን፣ የጀርባ ሕመሙን፣ የአፍንጫ ማሳከኩን፣ የጉንጭና የዓይን መቅላቱን አንድ ላይ አነሳ። ሽፍታው ብቅ ሲልም ለዓይን ፈጥኖ ጥበቃ ይደረግ፣ የጽጌረዳ ውኃ ይጨመርበት ብሎ አዘዘ። አል ራዚ ራሱ በስተርጅናው ዓይኑ እንደጠፋ ይነገራል።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች የዓይኑን ነገር አልዘነጉትም፤ ግን ቦታ አልሰጡትም። ትኩሳት ያስፈራል፣ ሳል ያስጨንቃል፣ ሽፍታ ቤተሰብን ያስደነግጣል። የቀላ ዓይን ግን ጢስ ነው፣ አቧራ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው ተብሎ ይታለፋል። በመዝገብ ላይ ለመቶዎች ዓመታት የቆየው እንዲሁ በዝርዝሩ ጅራት ላይ ነበር።

በ1846 ከኮፐንሃገን የተነሳ አንድ አናጢ በሰሜን አትላንቲክ ባሉት የፋሮ ደሴቶች ወረደ። ሲሳፈር ኩፍኝ በውስጡ ነበረ። ደሴቶቹ ከ1781 ወዲህ ኩፍኝ አይተው ስለማያውቁ ከ7,782 ነዋሪ 6,000 ያህሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ታመመ። የዴንማርክ መንግሥት የላከው ፔተር ፓኑም የ25 ዓመት ወጣት ሐኪም ነበር። ከመንደር መንደር እየዞረ፣ ማን ከማን ጋር በየትኛው ቀን እንደተገናኘና ሽፍታው መቼ እንደወጣበት እየጠየቀ መዘገበ። ከተጋለጡበት ቀን እስከ ሽፍታው 13 ወይም 14 ቀን እንደሚያልፍ ያረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው። በ1781 ታመው የዳኑ ሽማግሌዎች ከ65 ዓመት በኋላም እንዳልተያዙ ያስተዋለውም እርሱ ነው።

ፓኑም ያላወቀው፣ ዛሬ ግን የታወቀ አንድ ነገር አለ። በኩፍኝ የተያዘ ሰው ለሌላው ማስተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ያህል ቀድሞ ነው። በእነዚያ ቀናት ደግሞ በሰውየው ላይ የሚታየው ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የቀላ የሚያነባ ዓይን ብቻ ነው። እናት «ጉንፋን ይዞታል» ብላ ልጇን አዝላ ገበያ የምትወጣው ያኔ ነው። ኩፍኝ የሚታወቀው በቆዳ ላይ በሚያወጣው ነገር ይሁን እንጂ ቫይረሱ የሚገባውም የሚወጣውም በመተንፈሻ አካል በኩል ነው፤ ዓይኑም የሚቀላው በዚያው ዘመቻ ተይዞ ነው። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ሽፍታና ትኩሳት ያለበት ሕፃን ሲመጣ ሳል፣ ንፍጥ ወይም የዓይን መቅላት አለበት ወይ ተብሎ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ዓይኑ መግል ከያዘ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጠዋል፣ ቫይታሚን ኤ ይጨመርለታል፤ የዓይኑ ብሌን ከደበዘዘ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ የዓይነ ማዝ ሸክም ከሁሉ የበዛባት አገር በመሆኗ የቀላ ዓይን ያለው ሕፃን መጀመሪያ በዚያ በኩል ሊጠረጠር ይችላል። ከትኩሳትና ከሳል ጋር ሲመጣ ግን ጥያቄው ሌላ ነው።

እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ዓይኑ ምልክት ብቻ ነበር። በር ሊሆን ይችላል ብሎ በሙከራ የጠየቀው ሰው የተገኘው በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው፣ ሰሞን ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ በየሆስፒታሉ፣ አልፎም በየጎዳናው ታዝዞ ነበር። ኬነዝ ማክሲ የተባለ ሐኪም «አፍና አፍንጫው የተሸፈነ ሰው ዓይኑ ክፍት ሆኖ ምን ይጠቅመዋል?» በሚያሰኝ ጥያቄ ተነሳ። ፈቃደኞችን ዓይናቸው ብቻ እንዲቀር አድርጎ ሸፈናቸው፤ ከዚያም ያን ጊዜ ጉዳት የለውም ይባል የነበረ፣ በላቦራቶሪ ሲያድግ ቀይ ቀለም የሚያወጣ ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ፊታቸው ላይ ረጨ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀዩ ባክቴሪያ ከአፍንጫቸው ተገኘ።

መንገዱ አዲስ ነገር አይደለም። በዓይን ጥግ ያለችው ቀዳዳ እንባን በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ታወርዳለች፤ ያለቀሰ ሰው ሁሉ ንፍጡ አብሮ እንደሚወርድ ያውቃል። የዓይን ጠብታ የተደረገለት ሰውም ምሬቱ ጉሮሮው ላይ ይሰማዋል። ማክሲ ጽሑፉን በ1919 አሳተመ፤ ወረርሽኙ ሲበርድ ነገሩም አብሮ ተረሳ። በእኔ ግምት የተረሳው ስህተት ሆኖ ሳይሆን መልሱ ስለማይመች ነው። መሸፈኛ ርካሽ ጨርቅ ነው፤ መነጽር ግን ያኔ ውድ ነበር፣ ይደበዝዝም ነበር።

በ1941 ታሪኩ ወደ ሠራተኛ ሰፈር ገባ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየከፋ ሲሄድ መጀመሪያ ሃዋይ ውስጥ፣ ቀጥሎ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ባሉ የመርከብ መሥሪያዎች የሠራተኞች ዓይን በብዛት መታመም ጀመረ። ዓይናቸው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያነባል፤ ከጆሮ ፊት ያለው ዕጢ ይጠጥራል፤ ለአንዳንዱ ብርሃን ማየት ለሳምንታት ያስቸግረዋል። «የመርከብ መሥሪያ ዓይን» የሚል ስም ወጣለት። በብየዳና በብረት መፍጨት የተሠማራ ሰው ዓይኑ ውስጥ ስባሪ ሲገባበት ወደ መሥሪያ ቤቱ ክሊኒክ ይሮጣል። እዚያ ያለው ባለሙያ የአንዱን ዓይን በነካበት እጅና መሣሪያ የቀጣዩንም ይነካል፤ ከአንድ ጠርሙስ ጠብታ ለብዙ ሰው ያደርጋል። በሽታው ይበልጥ የተስፋፋው ሊታከሙ በሄዱበት ቦታ ነበር። መርከብ በሚፈለግበት ዘመን ሺዎች ከሥራ ሲቀሩ ነገሩ የጦርነት ጉዳይ ሆነ፤ ሆኖም መንስኤው ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም።

መልሱ የመጣው ጨርሶ ካልታሰበ ቦታ ነው። በ1953 ሜሪላንድ ውስጥ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ዋላስ ሮውና ሮበርት ሂዩብነር የተራ ጉንፋንን ቫይረስ ይፈልጉ ነበር። ከሕፃናት በቀዶ ሕክምና የወጣ አዴኖይድ፣ ማለትም ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው ዕጢ፣ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አሳደጉ። ከሳምንታት በኋላ ሴሎቹ ማንም ምንም ሳይጨምርባቸው ራሳቸው መበላሸት ጀመሩ። ውስጣቸው ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ ነበረ። በዚያው ሰሞን ሞሪስ ሂለማን ሚዙሪ ውስጥ ባለ የጦር ካምፕ በትኩሳትና በሳል ከታመሙ ምልምል ወታደሮች ያንኑ ዓይነት ቫይረስ አገኘ። እነዚህ ዛሬ አዴኖቫይረስ የምንላቸው ናቸው።

በ1954 በጋ በዋሽንግተን አካባቢ ሕፃናት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይዟቸው ወደ ሐኪም መጡ፦ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ቁስለትና የቀላ ዓይን። ብዙዎቹ የመዋኛ ገንዳ ደንበኞች ነበሩ። ከገንዳ የወጣ ልጅ ዓይኑ ቢቀላ ወላጅ የሚወቅሰው ክሎሪኑን ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ከዓይናቸውም ከጉሮሮአቸውም ተመሳሳይ የአዴኖቫይረስ ዓይነት፣ ቁጥር 3 የተባለው፣ ወጣ። አንድ ቫይረስ ጉሮሮንና ዓይንን በአንድ ጊዜ እንደሚያጠቃ በላቦራቶሪ ማስረጃ ተጨበጠ። በዓመቱ ኧርነስት ጃዌትስና ባልደረቦቹ የመርከብ መሥሪያውን ዓይን የሚያመጣው የዚሁ ቤተሰብ አባል፣ ቁጥር 8፣ መሆኑን አሳዩ። ከ14 ዓመት በፊት ከሥራ የቀሩት በያጆች ምን እንደያዛቸው የታወቀው ያኔ ነው።

ከዚህ በኋላ በር የመሆኑ ጥያቄ እንደገና ተነሳ። በ1973 ሄንድሊ፣ ዌንዜልና ጓልትኒ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የጉንፋን ቫይረስ በእጃቸው ያለ ሰዎች አፍንጫቸውን ወይም ዓይናቸውን በማሸት ብቻ ራሳቸውን ሊያስይዙ እንደሚችሉ አሳዩ። በ1981 ደግሞ ካሮላይን ሆል የሕፃናትን ሳንባ የሚጎዳውን፣ በምህጻሩ አርኤስቪ የሚባለውን ቫይረስ ይዛ 32 ፈቃደኛ አዋቂዎችን ፈተነች። በአፍ የተሰጣቸው እምብዛም አልተያዙም። በዓይንና በአፍንጫ የተሰጣቸው ግን እኩል ሊባል በሚችል መጠን ተያዙ። ቆየት ብሎ በሕፃናት ክፍል የሚሠሩ ነርሶችና ሐኪሞች ዓይንንና አፍንጫን የሚሸፍን መነጽር እንዲያደርጉ ሲደረግ የሚያዙት ሠራተኞች ቁጥር በግልጽ ቀነሰ። ማክሲ በ1919 የጠየቀው ጥያቄ ከ60 ዓመት በላይ ዘግይቶ መልስ አገኘ ማለት ነው።

በመካከሉ ግን ከባሕር አንድ እንግዳ ነገር ወጥቶ ነበር። ከ1979 ማብቂያ ጀምሮ በአሜሪካው ኬፕ ኮድ ዙሪያ ሲል የሚባሉት የባሕር አጥቢ እንስሳት በሳንባ ምች እየሞቱ ወደ ዳርቻው ይገፉ ጀመር፤ የሞቱት ከ400 በላይ ናቸው። የገደላቸው ከወፍ የመጣ፣ ኤች7ኤን7 የሚባል ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የሞቱትን ከፍተው ሲመረምሩ ከነበሩት ሰዎች አራቱ በሁለት ቀን ውስጥ ዓይናቸው ቀልቶ ዓይናር ሞላው። ሌላው ተመራማሪ ደግሞ ለሙከራ የተያዘች ሲል ፊቱ ላይ አስነጠሰችበት፤ ከዓይኑ ቫይረሱ ራሱ ተገኘ። ሁሉም በአራት በአምስት ቀን ዳኑ። ሮበርት ዌብስተርና ጓደኞቹ በ1981 ይህን ሲያሳትሙ ብዙ አንባቢ የታየው አስነጣሿ እንስሳ እንጂ የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በሰው ዓይን በኩል እግሩን ማስገባቱ አይመስለኝም። ሳል የለም፣ ሳንባ አልተነካም፤ ስለዚህ አለፉት። በ1996 እንግሊዝ አገር ዳክዬ የምታረባ አንዲት ሴት የዳክዬዎቹን ቤት ስታጸዳ ገለባ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ የቀላው ዓይኗ ሲመረመር የተገኘው ያው ኤች7ኤን7 ነው። በቀጣዩ ዓመት ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሌላው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኤች5ኤን1፣ 18 ሰዎችን ይዞ ስድስቱን ሲገድል የዓለም ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። የገለባዋ ሴት ነገር በእርሱ ተሸፈነ።

የካቲት 28 ቀን 2003 በኔዘርላንድስ ጌልደርላንድ በተባለው ክፍለ ሀገር ዶሮዎች በጅምላ መሞት መጀመራቸው ተነገረ። አካባቢው የዶሮ እርባታ የታጨቀበት ነው፤ አንዱ እርባታ ከሌላው ብዙም አይርቅም። ቫይረሱ ኤች7ኤን7 ነበር፤ ከሲሎቹና ከዳክዬዎቹ ዘመድ። መንግሥት በሽታው የገባበትንም ያልገባበትንም አጎራባች እርባታ ዶሮ ማስወገድ ጀመረ። በወራት ውስጥ 30 ሚሊዮን ገደማ ዶሮና ሌላ የቤት ወፍ ተገደለ። ይህ ሥራ የሚሠራው በሰው እጅ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ናሙና ይወስዳሉ፤ የቀን ሠራተኞች በአቧራና በላባ በተሞላ አዳራሽ ውስጥ ሬሳ ያወጣሉ፣ ኩስ ይዝቃሉ፣ ጎጆ ያጸዳሉ። ላብ ሲወርድባቸው ዓይናቸውን በክንዳቸው ያብሳሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ነው «ዓይኔን» የሚል አቤቱታ መሰማት የጀመረው። በአቧራ መካከል የሚሠራ ሰው ዓይኑን ሲያመው አያስገርምም፤ አቧራ ነው ብሎ መተው ቀላል ነበር። የኔዘርላንድስ የጤና ባለሥልጣናት ግን አልተዉትም። የተመራማሪዋ የማሪዮን ኮፕማንስ ቡድን ከዶሮዎቹ ጋር የተገናኘ ሰው ሁሉ ዓይኑ ከቀላ ወይም ጉንፋን መሰል ስሜት ከተሰማው እንዲያመለክት ጠራ፤ ናሙና ከጉሮሮ ብቻ ሳይሆን ከዓይንም እንዲወሰድ አደረገ። ይህች ውሳኔ ባትኖር ኖሮ የቀረውን ታሪክ ባላወቅነው ነበር።

453 ሰዎች አመለከቱ። ከእነዚህ 349ኙ ያመማቸው ዓይናቸውን ነው። ቫይረሱ በ89 ሰዎች ላይ ተረጋገጠ፦ 78ቱ የዓይን ሕመም ብቻ፣ አምስቱ የዓይን ሕመምና ጉንፋን መሰል ስሜት፣ ሁለቱ ጉንፋን መሰል ስሜት ብቻ፣ አራቱ ሌላ ዓይነት ምልክት ነበራቸው። ጉሮሮ ብቻ እየጠረጉ ቢፈትሹ ኖሮ አብዛኞቹ ባመለጧቸው ነበር። ከ89ኙ ሦስቱ ዶሮ ነክተው የማያውቁ፣ ከታመሙት ጋር የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት ናቸው። በኋላ የቤተሰቦች ደም ሲመረመር ከተፈተኑት ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ቫይረሱን የሚከላከል አካል ተገኘ፤ የተያዙት ሁሉ ቢቆጠሩ 1,000 ሰው ሊደርሱ እንደሚችሉም ተገመተ። 19 ሰዎች መያዛቸው ከታወቀ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዲከተብና ኦሰልታሚቪር የተባለውን መድኃኒት እንዲወስድ ታዘዘ። ክትባቱ የተሰጠው ከወፉ ቫይረስ እንዲያድን አልነበረም፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛና የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በአንድ ሰው ውስጥ ተገናኝተው እንዳይዳቀሉ ነው። ትእዛዙ እስኪደርስ ግን ከበሽተኞቹ ከግማሽ በላዩ ተይዞ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንድ የ57 ዓመት የእንስሳት ሐኪም ነበረ። በሽታው የገባበትን እርባታ ከጎበኘ ከቀናት በኋላ ከባድ ትኩሳትና ራስ ምታት ያዘው። ዓይኑ አልቀላም። መከላከያ መድኃኒቱንም አልወሰደም ነበር። ሳንባ ምቹ በረታበት፤ ሚያዝያ 17 ቀን ሞተ። ከሳንባው የወጣው ቫይረስ ከሌሎቹ በሽተኞች ቫይረስ በ14 ቦታ ተለውጦ ተገኘ። ስለ ኔዘርላንድሱ ወረርሽኝ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዓይን መሆኑ እውነት ነው፤ የሞተው ሰው ግን ዓይኑ ያልቀላው ነበር። ዓይንን ብቻ የሚጠብቅ ክትትል እርሱን ያመልጠዋል፤ ጉሮሮን ብቻ የሚጠብቅ ደግሞ ሌሎቹን።

በቀጣዩ ዓመት ካናዳ ውስጥ፣ በ2013 ጣሊያን ውስጥ ከዶሮ ጋር የሚሠሩ ሰዎች በተመሳሳይ ዘመድ ቫይረሶች ዓይናቸው ታመመ። ለምን ዓይን? የላቦራቶሪ ሰዎች ያገኙት መልስ ይህ ነው፦ ኢንፍሉዌንዛ ሴል ውስጥ የሚገባው ሲያሊክ አሲድ የሚባል ስኳር መሰል ነገር ላይ ተጣብቆ ነው። የዚህ ነገር አቀማመጥ ሁለት ዓይነት ነው። የሰው ኢንፍሉዌንዛ የሚወደው ዓይነት በአፍንጫና በጉሮሮ በዝቶ ይገኛል። የወፍ ኢንፍሉዌንዛ የሚወደው ደግሞ በላይኛው የመተንፈሻ መንገድ ጥቂት ሲሆን፣ የዓይንን ነጭና የቆቡን ውስጥ በሚያለብሰው ስስ ሽፋን ላይ ግን በብዛት አለ። የወፉ ቫይረስ ሰው ላይ ሲያርፍ ቁልፉ የሚገጥምለት በር ዓይን ነው። በ2012 በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጄሲካ ቤልሰርና ባልደረቦቿ ፌሬት በምትባለው ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ዓይን ላይ ብቻ ቫይረስ አድርገው ፈተኑ፤ ቫይረሱ ከዓይን ወርዶ የመተንፈሻ አካሏን ያዘ። የእንባው ቱቦ ሥራውን ሠርቷል።

ከዚያ 2020 መጣ። ዋንግ ጓንግፋ የተባለው የቤጂንግ የሳንባ ሐኪም ዉሃን የሄደው አዲሱን የሳንባ ምች ሊመረምር ሲሆን፣ በጥር መጀመሪያ በሽታው ሊገታ የሚችል ነው ብሎ ለጋዜጠኞች ተናግሮ ነበር። በዚያው ወር ራሱ መታመሙን አስታወቀ። መሸፈኛ አድርጎ እንደነበር፣ መነጽር ግን እንዳላደረገ፣ መጀመሪያ የታየውም ግራ ዓይኑ መቅላቱ እንደሆነ ጻፈ። ስለ አዲሱ በሽታ ቀድሞ ያስጠነቀቀው ሊ ዌንሊያንግ ደግሞ የዓይን ሐኪም ነበር፤ የያዘው ለግላኮማ ከመጣች ታካሚ ሲሆን የካቲት 7 ቀን ሞተ። የዓይን ሐኪም የታካሚውን ዓይን ሲመረምር ፊቱ ከታካሚው ትንፋሽ ስንዝር አይርቅም። መጋቢት ላይ በወጣ ጥናት፣ ዉሃን ባለችበት ሁቤይ ውስጥ ከተመረመሩ 38 በሽተኞች መካከል በ12ቱ የዓይን ምልክት ታየ፤ ከዓይናቸው ቫይረሱ የተገኘባቸው ግን ሁለት ብቻ ናቸው። በኮቪድ የዓይኑ ነገር ተጋነነ ማለት ይቻላል። ዋንግ በዓይኑ መያዙ ሊረጋገጥ የሚችል አይደለም፤ ኮሮና ቫይረስ የሚበዛበትም መንገድ አፍንጫ ነው። ሆኖም የሐኪሞች የፊት መከላከያ በየአገሩ የተለመደ ዕቃ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጋቢት 25 ቀን 2024 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ቴክሳስና ካንሳስ ውስጥ የወተት ላሞች በኤች5ኤን1 መያዛቸውን ይፋ አደረገ። ማንም አልጠበቀውም፤ የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በላም ጡት ውስጥ ይራባል ያለ አልነበረም። ላሞቹ ወተታቸው ወፍሮ እንደ እንገር ቢጫ ሆነ፤ ጥሬውን ወተት የጠጡ የእርባታው ድመቶች ሞቱ። በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 1 ቀን፣ ቴክሳስ ውስጥ አንድ የእርባታ ሠራተኛ መያዙ ተነገረ። ቀኝ ዓይኑ ቀልቶ ነው የመጣው፤ ሲታይ ሁለቱም ዓይኑ ደም መስሏል። ትኩሳት የለውም፣ ሳል የለውም፣ ሳንባው ንጹሕ ነው። ጓንት ያደርጋል፤ መነጽር ግን አያደርግም። ከዓይኑ የተወሰደው ናሙና በቫይረስ የተሞላ ሲሆን በአፍንጫው የተገኘው ጥቂት ነበር።

ማለቢያ ቤት የቆመ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ አይጠፋውም። በዘመናዊ እርባታ ላሟ ከፍ ባለ ስፍራ ትቆማለች፣ አላቢው ዝቅ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ይቆማል፤ ጡቷ ፊቱ ትይዩ ነው። ማሽኑ ሲነቀል ወተት ይረጫል። የተያዘች ላም ወተት ደግሞ ቫይረሱ እጅግ የበዛበት ነው። በሐምሌ ኮሎራዶ ውስጥ ዶሮ የማስወገድ ሥራ የተሰጣቸው ሠራተኞች ዓይናቸው ታሞ ተገኙ፤ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነበር፣ ግዙፍ ማራገቢያዎች ላባና አቧራ እያነሡ ይበትኑ ነበር፣ ከላብ የተነሳ መነጽር ፊት ላይ አይቆይም። በ1941 በያጅ፣ በ2003 ዶሮ አውጪ፣ በ2024 አላቢ። በአሜሪካ የወተት እርባታ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው፤ አንድ ቀን ቢቀሩ ደመወዛቸው የሚቆረጥ፣ ወረቀታቸው ያልተሟላ ሰው ለቀላ ዓይን ብሎ ራሱን ለመንግሥት ሐኪም አያሳይም። የዓይኑ ምልክት እየታየ ዜናው የሚዘገየው ሁልጊዜ በሳይንስ ድክመት ብቻ አይደለም።

ታኅሣሥ 31 ቀን 2024 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለት ዘገባዎች በአንድ ቀን ወጡ። የመጀመሪያው በዚያ ዓመት ከመጋቢት እስከ ጥቅምት አሜሪካ ውስጥ የተያዙ 46 ሰዎችን ይመለከታል። ከእንስሳት ጋር ከተገናኙት 45ቱ መካከል የ42ቱ ዓይን ታሟል፤ ትኩሳት የነበራቸው ከግማሽ ያንሳሉ፤ 15ቱ ከዓይናቸው በቀር ምንም አላመማቸውም። ከ45ቱ ማንም ሆስፒታል አልተኛም፣ ማንም አልሞተም። ቀላል በሽታ ነው የሚለው ድምዳሜ ከዚህ ይወጣል።

ሁለተኛው ዘገባ ስለ አንዲት የካናዳ ታዳጊ ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምትኖር የ13 ዓመት ልጅ ኅዳር 4 ቀን ሁለቱም ዓይኗ ቀልቶ፣ ትኩሳት ይዟት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄደች። መድኃኒት ሳይሰጣት ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን መተንፈስ አቅቷት ተመልሳ ገባች፤ ከዚያም ደሟን ከሰውነቷ ውጪ ኦክስጅን በሚያስገባ ማሽን ሕይወቷ ተያዘ። ቫይረሱ ኤች5ኤን1 ነበር፤ ግን የላሞቹ ሳይሆን በዱር ወፎች የሚዞረው ዝርያ። በሦስት ዓይነት ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ታከመች፤ ኅዳር 28 ቀን የመተንፈሻ ቱቦው ወጣላትና ዳነች። ከየትኛው እንስሳ እንደያዛት ሊታወቅ አልቻለም፤ በቅርቧ ከነበሩት ሰዎችም የተያዘ አልተገኘም።